የኮምፒዩተር ተራ በነገሌ ወፍጮ ቤት

ስለ ነገሌ ቦረና የመከሩኝ ሰዎች ሁሉ ነገሌን ረግጠው አያውቁም ነበር። አንዱ «ወባው አይምርህም» አለኝ። ሌላው ውሃ በጄሪካን ይዘህ ውረድ አለኝ። የክፍላችን ጸሐፊ ደግሞ የሚበላ አታገኝም ብላ ሁለት ኪሎ ሽሮ ቋጥራ ሰጠችኝ። ሽሮውን ሳልፈታው መልሼ አመጣሁት። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ እንደ እነሱ ነገሌን በወሬ ብቻ ለሚያውቅ ሰውም ይሆናል።

ጊዜው የሰባዎቹ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የንግድ ሥራ ኮሌጅ አስተምር ነበር። ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር ገና ብቅ ማለቱ ስለነበር ክፍላችን የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ተማሪዎቹ ማሽኑን ከሚነኩበት ጊዜ ተሰልፈው የሚቆሙበት ይበልጥ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ይዤ ነገሌ ወርጄ፣ እዚያ ለተከፈተው ትንሽ ኮሌጅ መምህራን የኮምፒዩተር ማስተማር ሥልጠና እንድሰጥ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። የደብዳቤው መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ ስድስቱም መምህራን፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን፣ ማሽኑን ከፍተው የተማሪ ውጤት አስገብተው፣ አማካዩን አውጥተው፣ ዲስክ ላይ አስቀምጠው ካሳዩ ኮምፒዩተሩ ነገሌ ይቀራል። አንድ እንኳ ካቃተው ግን ማሽኑ ከእኔ ጋር ይመለሳል።

እውነቱን ልናገር። እንዲመለስ ነበር የምፈልገው። አስተምራለሁ፣ አልለግምም፤ ግን አንዱ ቢያቅተው ምን ይደረጋል፣ እያልኩ ነው ከቤቴ የወጣሁት።

ዓርብ ጠዋት ተነሳን። ሾፌሩ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ መንገድ ላይ ከሰው ይልቅ ከመኪናቸው ጋር የሚያወሩ ሰው ናቸው። ኮምፒዩተሩን በፍራሽ ጠቅልለው የኋላ ወንበር ላይ አስተኙት። ዲስኮቹን እኔ በካርቶን አድርጌ ጭኔ ላይ ያዝኩ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጋሽ ተሰማ «አይዞህ» ይላሉ፤ ለእኔ መስሎኝ «ደህና ነኝ» ስል ወደ ኋላ እያዩ መሆናቸውን ያወቅኩት ዝዋይ ስንደርስ ነው። አዋሳ አደርን። አሣው እንደምትሰሙት ነው፣ ስለእሱ አልጽፍም።

ቅዳሜ ከአዋሳ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ኬላ ላይ አስቆሙን። ጠባቂው የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና ፍራሹን ፍቱ አለ። ፈታንለት። ዙሪያውን ዞረው።

«ምንድን ነው?»

«ኮምፒዩተር ነው» አልኩት።

«እሱ ምን ይሠራል?»

ያን ጊዜ መልስ ማጣቴን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። የኮሌጅ መምህር ነኝ፣ ትርጓሜውን በእንግሊዝኛም በአማርኛም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ምላሴ ተሳሰረ። ጋሽ ተሰማ ናቸው ያዳኑኝ። «ቴሌቪዥን ነው፤ ታይፕራይተርም አለው» አሉት። ጠባቂው ራሱን ነቀነቀና መዝገቡ ላይ «ቴሌቪዥን ከነታይፕራይተሩ፣ አንድ» ብሎ ጽፎ አሳለፈን።

ከወንዶ በኋላ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። የእኛ አገር ጫካ ሲባል ባሕር ዛፍ ለለመደ ሰው ይህኛው ሌላ ነው፤ ፀሐይ የለም፣ ጭቃው ቀይ ነው፣ ዝናቡ ከላይ ሲያቆም ከቅጠሉ ይቀጥላል። አንድ ቁልቁለት ላይ ተያዝን። ዕንጨት የተሸከሙ ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው ሳንለምናቸው ገፉን፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ አንዱ በእጁ ቆፍሮ አወጣልኝ። ክብረ መንግሥት የደረስነው ደክሞን ነው። ወርቅ የሚወጣበት አገር ስለሆነ አልጋው ተወዶ ያገኘነው ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ጋሽ ተሰማ ኮምፒዩተሩን አንዱ አልጋ ላይ አስተኙና እኔና እሳቸው በሌላው ላይ ተጣብበን ተቀመጥን። የሆቴሉ ባለቤት እራት ልትጠራን መጥታ ስታየን ሳቋን መያዝ አቃታት። ምንም ሳትጠይቀን ከራሷ ክፍል ፍራሽ አምጥታ መሬት ላይ ዘረጋችልኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ለፍራሹ መታወቂያ ያስይዙኝ ነበር።

እሑድ ወደራ ላይ ዳቦ በማር ቁርስ በላን። ከዚያ በኋላ ጫካው እየሳሳ፣ መሬቱ እየቀላ፣ ሙቀቱ እየመጣ፣ ግመል መንገድ የሚያቋርጥበት አገር ገባን። ኩይሳው ከሰው ቁመት ይበልጣል። ሹራቤን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ኮቴን፤ ነገሌ ስንገባ የቀረኝ ሸሚዝ ነበር።

ሆቴሎቹ በወታደር ተይዘው ስለነበር ኮሌጁ ያሳደረን ሐጂ ኢብራሂም ቤት ነው። ሐጂ ሱቅም ወፍጮም ያላቸው፣ ረጋ ያሉ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያዋህዱ ነጋዴ ናቸው። «አካም? ናጋ?» ብለው ተቀበሉኝ፤ እኔም «ናጋ» አልኩ፤ ከዚህ በላይ አላውቅምና እዚያ ላይ ቆምን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐሊማ ሻይ በወተት አቀረቡልን። ቅመሙ አፍንጫ ይከፍታል። አራት ብርጭቆ ጠጣሁ፤ ውሃ ይዘህ ውረድ ያለኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ።

በዚያው ምሽት የከተማው መብራት መጣና አንዴ ዘሎ የሐጂን ሬዲዮ ጭስ አስወጣው። በዚህ መብራት ኮምፒዩተር አይከፈትምና፣ ኮሌጁስ ጀኔሬተር የለውም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለው፣ ግን ከተበላሸ ቆይቷል፣ መለዋወጫው እየተጠበቀ ነው። ከንፈሬን መጠጥኩ፤ ልቤ ግን ሳያስተምሩ መመለስም አለ ለካ አለ። ያኔ ነው ሐጂ የተናገሩት።

«የኔ ወፍጮ ዲናሞ አለው፣ መብራት ይሰጣል። ግን ድንጋዩ ሲፈጭ መብራቱ ይደክማል። ሕዝቡ ከአራት ሰዓት በፊት ብዙ አይመጣም። ከሁለት እስከ አራት የናንተ ይሁን። ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ነው። ሐሙስ ግን ገበያ ነው፣ እሱን አትጠይቁኝ።»

እንዲህ ሆኖ ሰኞ ጠዋት ሥልጠናው ወፍጮ ቤት ተጀመረ። ከኋላ ባለው መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ ገባ። የዱቄቱ ብናኝ ማሽኑን እንዳይገድለው ወይዘሮ ሐሊማ ከሱቁ አቡጀዴ ቀደው በዙሪያው አንጠለጠሉልን። ስድስት የኮሌጅ መምህራንና እኔ እንደ ወባ በሽተኛ አጎበር ውስጥ ገባን።

በስም ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ብዬ ከፋፈልኩ። ሁለቱ ሰዓት ሲያልቅ ማሽኑን ከመክፈት ያለፈ አንድም ሰው አልነበረም። ከሁሉ የባሰችው ከክብረ መንግሥት የመጣችው የሒሳብ መዝገብ አያያዝ መምህርት አልማዝ ናት። ጎበዝ አስተማሪ ናት አሉ፤ ማሽኑን ግን በጣቷ ጫፍ ነክታ እጇን ትሰበስባለች። «ብሰብረው የመንግሥት ንብረት ነው» ትላለች። አራት ሰዓት ሲሞላ ድንጋዩ ተነሳ፣ ስክሪኑ እንደ ዓይን ጠቦ ጠፋ። እኔም በሆዴ፣ ነገሩ ሳልነካው በራሱ እየሄደ ነው አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ጃርሶ ከሌሎቹ ቀድሞ መጣ። ጃርሶ የነገሌው ኮሌጅ የታይፕ መምህር ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አሬሮ ተወልዶ ያደገ ሰው። ሰኞ ዕለት ተራውን ለአልማዝ ሰጥቶ ማሽኑን አልነካም።

«መምህር፣ አይቆጡኝና» አለ፣ «ይህን ተራ አንቱ በወረቀት አወጡት። በእኛ ዘንድ ውሃ ሲያንስ ተራ በወረቀት አይሆንም።»

«በምን ይሆናል?»

«አባ ሄረጋ አለ። የኤላውን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ አባቴ ሠርቶታል። የእኛ አገር ኤላ ጥልቅ ነው። ወጣቶቹ ውስጡ አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ብቻውን ውሃ የሚያወጣ የለም። አባቴ ደግሞ የደከመ ከብት ሲያይ እሱን ያስቀድም ነበር። እኛ የያዝነው ሁለት ሰዓት ነው። ይህም ውሃ ነው።»

ምን እላለሁ፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብዬ ፈቀድኩለት። አልማዝን ፊት አስቀመጣት። ዲስኩን የምታስገባ እሷ፣ ማሽኑን የሚያስነሳ ሁለተኛው፣ ስም የሚጽፍ ሦስተኛው፣ ውጤት የሚያስገባ አራተኛው፣ አማካዩን አውጥቶ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ አምስተኛው። ጃርሶ ራሱ ከሰልፉ ውጭ ቆሞ በኤላ ዜማ ይመራል። አንዱ የድርሻውን ሲጨርስ ያዜማል፣ ሌላው ተቀብሎ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ሞቃቸው። እህል ይዘው ቀድመው የመጡ ሴቶች ውጭ ሆነው ዜማውን መቀበል ጀመሩ። ረቡዕ ጠዋት ሥራው በሙሉ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቅ ነበር፤ የአልማዝም ጣት ፍርሃቱን ረስቷል። አዲስ አበባ ያሉት ተማሪዎቼ እንዲህ አይፈጥኑም። ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ አየሁ፤ ዝም ብዬ ማየቴ ነው ስህተቴ።

ማክሰኞ ዕለት ለምሳ ሐጂ ፍየል አሳርደው ነበር። ሥጋው በሩዝ ላይ ተከምሮ ሲቀርብ እኔና ጋሽ ተሰማ ተያየን፤ እኛ ክርስቲያን፣ ቤቱ የእስላም። ሰውን በቤቱ እንዴት እምቢ ይሉታል? ሐጂ ፊታችንን አይተው ፈገግ አሉ። «ብሉ፣ ብሉ» አሉ። «ያረደው ጎረቤቴ ኃይሉ ነው፣ የናንተው ሰው። የኛ በሌላ ድስት ነው።» ለሁለት እንግዳ ሌላ ፍየል፣ ሌላ አራጅ፣ ሌላ ድስት። እኒህን ሰዎች ማሽን ልነፍጋቸው ነው የመጣሁት ብዬ አሰብኩ፤ ቢሆንም በላሁ።

ወደ ረቡዕ ጠዋት ልመለስ። ለአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሌሎቹን ከአቡጀዴው ውጭ አስቀምጬ አልማዝን ብቻዋን ሞከርኳት። ዲስኩን በትክክል አስገባች። ዜማዋን አዜመች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ቀጥዪ እንጂ» አልኳት።

«የኔ ይኼ ነው» አለችኝ፤ ግራ ገብቷት።

ሁለተኛውን አስገባሁ። ዲስክ የገባለት ማሽን ሲያገኝ ያስነሳዋል፤ ከዚያ ወዲህም ወዲያም የለም። ሁሉም እንደዚያው። አምስት ሰዎች በአንድ ላይ አንድ ፍጹም ባለሙያ ሆነዋል፤ ለየብቻ ግን አንዳቸውም አያውቁም። ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ «እያንዳንዳቸው ብቻቸውን» የሚለውን አነበብኩላቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወፍጮው ተነስቶ ስለነበር እየጮህኩ ነው ያነበብኩት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ጃርሶ። «ኤላ ውስጥ ቦታ መለዋወጥ አለ። እኔ ዘፈኑ ሲያምር ረሳሁት።»

ፈተናው ዓርብ ስለሆነ የቀረን ሐሙስ ብቻ ነበር፤ ሐሙስ ደግሞ የሕዝቡ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በአህያና በበቆሎ ከረጢት ተሞልቶ አገኘሁት። ጃርሶ ከሴቶቹ መካከል ቆሞ በኦሮምኛ ይናገራል። ሐጂ ከጎኔ ቆመው ቀስ እያሉ ያስረዱኛል። ስለ ኮምፒዩተር አንድም ቃል አልተናገረም አሉኝ። ስድስት ሰዎች ኤላው አጠገብ ደርሰው ሳይጠጡ ሊመለሱ ነው፣ ተራው የናንተ ነው፣ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ብሏቸዋል። ሴቶቹ ተነጋገሩ። አንዷ ተቆጣች፣ መንገዷ ሩቅ ነው። በመጨረሻ ቦኬ የሚባሉ፣ ከሁሉም ፊት የተሰለፉ አሮጊት ከረጢታቸው ላይ ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ ሌሎቹም ተቀመጡ። ሐጂ «እስከ አራት ሰዓት ተፈቀደላችሁ» አሉኝ።

ያን ቀን ዜማው በየዙሩ አንድ ቦታ ይሸጋገር ጀመር። ዲስክ ያስገባ ሰው ቀጥሎ ያስነሳል፣ ያስነሳው ስም ይጽፋል። አምስት ዙር ከሄዱ በኋላ ጃርሶ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። አንድ በአንድ፣ ያለ ዘፈን ገቡ። አልማዝ ብቻዋን ጨርሳ ስትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔ ውስጥ ዱቄት ገባ ብዬ አበስኩ። ጃርሶ ግን የዚያን ቀንም አልተቀመጠም። ተራ ጠባቂ መጨረሻ ነው የሚጠጣው አለኝ።

ዓርብ ፈተናው ከሁለት ሰዓት ጀመረ። ጋሽ ተሰማ መኪናውን አጥበው፣ ፍራሹን አራግፈው ደጅ ይጠብቃሉ። አምስቱ አለፉ። አንዱ ተሳስቶ፣ አርሞ፣ ላቡን ጠርጎ አለፈ። ሰዓቱ ግን ሄዶ ነበርና ጃርሶ ሲቀመጥ የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነበር። የታይፕ መምህር አይደለም? ጣቶቹ ሲሮጡ ዓይን አይከተላቸውም። ስሞቹን ጻፈ፣ ውጤቱን አስገባ፣ አማካዩ ወጣ። ዲስክ ላይ ሊያስቀምጥ እጁን ሲዘረጋ አራት ሰዓት ሞላ፤ ወፍጮ ፈጪው በተባለው ሰዓት ድንጋዩን አስነሳ። ስክሪኑ ጠቦ ጠፋ።

በዚያች ቅጽበት ደስ አለኝ። ልክደው አልችልም። ማሽኑ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ሲመለስ፣ ተማሪዎቼ ሲቀበሉኝ ታየኝ።

«ሁላችንም አይተናል» አለች አልማዝ። «የቀረው አንድ ቁልፍ ነው። ይፈርሙለት እንጂ።»

ሌሎቹም አይተናል አሉ። ብዕሬን አወጣሁ፤ ከደስታዬ አፍሬ ነው መሰለኝ። ጃርሶ እጄን ያዘኝ።

«አላስቀመጥኩም» አለ። «አንቱም ያላዩትን አይፈርሙ። ያልጠጣ ከብት ጠጣ አይባልም።»

አቡጀዴው ተገለጠና ቦኬ ገቡ። ያን ቀን ደግሞ የጎረቤታቸውን እህል ይዘው መምጣታቸው ነበር፤ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ። ጃርሶን ጠየቁት፣ በሁለት ቃል መለሰላቸው። ወጡ። ወዲያው የድንጋዩ ድምፅ ቀጥ አለ። በቆሎው አፉ ላይ እንዳለ፣ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ፍሬ ሆኖ ቆመ። ፈጪው ሲያጉረመርም፣ እሳቸው ሲመልሱለት ይሰማል።

ሐጂ ከበሩ ላይ ሆነው «በቆሎ ነገም በቆሎ ነው፣ አለችው» አሉኝ።

ጃርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁን አልቸኮለም። ጻፈ፣ አሰላ፣ አስቀመጠ። ማሽኑን ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዝርዝሩን አወጣው። የጻፋቸው ስሞች የተማሪ አልነበሩም፤ ውጭ የተሰለፉት ሴቶች ስም ነው። ከሁሉ በላይ ቦኬ፣ መቶ ከመቶ ይላል። ጮክ ብሎ አነበበላቸው። አሮጊቷ አንድ ነገር ጠየቁ፣ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ምን ፈተና ተፈትኜ ነው? ነው የምትለው» አሉ ሐጂ።

ፈረምኩ። ስድስት ጊዜ ፈረምኩ፤ የመጨረሻውን ፊርማ ያህል ደስ ብሎኝ የፈረምኩት ወረቀት የለኝም። ጋሽ ተሰማ ፍራሹን ባዶውን ጠቅልለው የኋላ ወንበር ላይ አኖሩት። «ነገሩ አልቆ ከሆነ ተኛበት» አሉኝ። እስከ ወደራ ተኛሁበት።

አዲስ አበባ የገባሁት እሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ሁሉ በአንዱ ማሽን ፊት ተሰልፈው አገኘኋቸው። ሰልፉ በሩን አልፎ ኮሪደሩ ላይ ደርሷል። ሌላው ማሽን የነበረበት ጠረጴዛ ላይ ደብተሮቻቸውን ከምረዋል። መጨረሻ ላይ የቆመው ልጅ መመለሴን አይቶ ፊቱ በራ፤ ባዶ እጄን ሲያይ ጠቆረ።

«መምህር፣ ማሽናችንስ?»

«ነገሌ ቀረ።»

«ለምን ሰጧቸው?»

ተናድዷል፣ እውነትም አለው። ኬላ ላይ የተሳሰረው ምላሴ ያን ጊዜ አልተሳሰረም።

«ተራቸው ደርሶ ነበር» አልኩት።